«ከምን ላይ?»

የአንባቢያን ጥያቄና የመምህሩ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ 12,000 ተበድሬ በ12 ወር ከፍዬ ልጨርስ ተዋዋልኩ። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው ተባልኩ። 1,200 ተጨምሮበት በየወሩ 1,100 እከፍላለሁ። ጓደኛዬ ግን «አንተ የምትከፍለው ወደ 18 በመቶ ነው» ይለኛል። ደጋግሜ ባሰላውም የሚመጣልኝ 10 ነው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ትክክል ነው። እርስዎም ስሌቱን አልተሳሳቱም፤ የ12,000 አሥር በመቶ 1,200 ነው። መታየት ያለበት ግን አሥር በመቶው የተሰላው ከምን ላይ እንደሆነ ነው።

12,000ው ሙሉ በሙሉ በእጅዎ የሚቆየው አንድ ወር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ክፍያ ሲፈጽሙ ከዋናው ገንዘብ 1,000 ይቀነሳልና በሁለተኛው ወር ያለብዎ ዕዳ 11,000 ነው። በሦስተኛው 10,000 ይሆናል፤ እንዲህ እያለ በመጨረሻው ወር 1,000 ይቀራል። አሥራ ሁለቱን ቁጥሮች ይደምሯቸው፤ 78,000 ይመጣል። ለ12 ሲያካፍሉት 6,500። ዓመቱን ሙሉ የሰው ገንዘብ ይዘው የቆዩት በአማካይ 6,500 ነው ማለት ነው። ለ6,500 ደግሞ 1,200 ወለድ መክፈል ከ18 በመቶ በላይ ነው። (በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ እየታሰበ በጥንቃቄ ሲሰላ ትንሽ ዝቅ ብሎ 18 በመቶ ግድም ይሆናል፤ ለእርስዎ ውሳኔ ልዩነት የለውም።) ያው 10 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ቢታሰብ ኖሮ የዓመቱ ወለድ 650 ነበር።

ይህን ጉዳይ አምርሬ የምጽፈው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው። ማስተማር በጀመርኩ በዘጠነኛው ዓመት ቤት ለማደስ ተበደርኩ። ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሠራተኛ «በዓመት 9 በመቶ» አለኝ፤ ፈረምኩ። በአራተኛው ወር አንድ ምሽት ደብተር አውጥቼ ዕዳዬን በየወሩ ስጽፍ ነው እየከፈልኩ ያለሁት ካሰብኩት እጥፍ ግድም መሆኑ የገባኝ። ውሉን መልሼ አነበብኩት። «ከመነሻው ብድር ላይ» የሚሉት ሦስት ቃላት ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፈዋል። ማንም አልዋሸኝም፤ ማንም ግን አላስረዳኝም። ከዚያ ወዲህ የመቶኛን ትምህርት ስጀምር ሰሌዳው ላይ መጀመሪያ የምጽፈው «ከምን ላይ?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ተማሪዎቼ የሚወርሱኝ አንድ ነገር ቢኖር ይህ እንዲሆን እመኛለሁ።

ስለዚህ ሌላ ጊዜ ከመፈረምዎ በፊት ወለዱ የሚታሰበው ከመነሻው ብድር ላይ ነው ወይስ በየወሩ ከሚቀረው ዕዳ ላይ ብለው ይጠይቁ። የክፍያውን ሠንጠረዥም በጽሑፍ ይቀበሉ። ለአገልግሎት ተብሎ አስቀድሞ የሚቆረጥ ካለ ያንንም ይቁጠሩት፦ 12,000 ተበድረው 300 ተቆርጦ ከተሰጠዎት በእጅዎ የገባው 11,700 ነው፤ ወለዱን የሚከፍሉት ግን ለ12,000 ነው። በተረፈ፣ ቀድመው ከፍለው ቢጨርሱ ወለዱ ይቀንስ እንደሆነ ይጠይቁ። ብዙ ሰው ይህን የሚጠይቀው ገንዘቡ እጁ ከገባ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ አሽከርካሪ ነኝ። ስሄድ በሰዓት 60፣ በዚያው መንገድ ስመለስ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። አማካይ ፍጥነቴ 45 ነው ብል ረዳቴ 40 ነው ብሎ ተከራከረኝ።

መልስ፦ ረዳትዎ ረትቷል። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ነው እንበል። ሲሄዱ 2 ሰዓት፣ ሲመለሱ 4 ሰዓት ፈጀብዎ። 240 ኪሎ ሜትር በ6 ሰዓት፣ ማለትም በሰዓት 40። 45 የሚሆነው በሁለቱም ፍጥነት እኩል ሰዓት ቢነዱ ነበር፤ እርስዎ ግን በዝግታ የነዱበት ጊዜ እጥፍ ነው። ከዚህ የሚጠቅምዎን ልጨምር፦ በመዘግየት የጠፋን ጊዜ በመፍጠን ማካካስ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ሲሄዱ በ30 ከነዱ በኋላ የደርሶ መልሱን አማካይ 60 ላድርግ ቢሉ ፈጽሞ አይችሉም። 240 ኪሎ ሜትር በ60 የሚፈጀው 4 ሰዓት ነው፤ አራቱም ሰዓት ሲሄዱ አልቋል። ነፍስዎን አደጋ ላይ ጥለው የሚያተርፉት የለም፤ ቀስ ብለው ይመለሱ።

ጥያቄ፦ ምንም ሕመም ሳይሰማኝ ሰው ሁሉ ሲመረመር እኔም ደም ሰጠሁ። በሽታው ከ1,000 ሰው አንዱን እንደሚይዝ፣ ምርመራው ግን 99 በመቶ ትክክል እንደሆነ ነገሩን። የእኔ ውጤት ፖዘቲቭ ሆነ። ሁለት ሌሊት አልተኛሁም። በሽታው በ99 በመቶ ይዞኛል ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። እባክዎ ይህን እስኪጨርሱ ተረጋግተው ይቀመጡ።

እንደ እርስዎ ምንም ያልተሰማቸው 10,000 ሰዎች ተመረመሩ እንበል። ከ1,000 አንድ ከሆነ በሽታው ያለባቸው 10 ናቸው። ምርመራው ከመቶ 99ኙን ስለሚይዝ አሥሩንም ያገኛቸዋል ማለት ይቻላል። አሁን ጤነኞቹን እንይ፤ 9,990 ናቸው። ምርመራው ከእነርሱም መቶ ሰው በመረመረ ቁጥር አንዱን ይሳሳታል፤ ስለዚህ መቶ ያህል ጤነኛ ሰዎች «ፖዘቲቭ» የሚል ወረቀት ይዘው ይወጣሉ። በጠቅላላ ያን ወረቀት የያዙት 110 ግድም ናቸው፤ በእርግጥ የታመሙት ደግሞ 10። ከ11 ሰው አንድ፣ ማለትም 9 በመቶ ገደማ።

99 በመቶ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ከምን ላይ ነው? በሽታው ካለባቸው ሰዎች ላይ ነው። እርስዎ ማወቅ የፈለጉት ደግሞ ፖዘቲቭ ከተባሉት ሰዎች መካከል ስንቱ እንደታመመ ነው። ሁለቱ ሲነበቡ አንድ ይመስላሉ፤ አንዱ 99 ሌላው 9 ነው። ይህን መንገድ የከፈተው ቶማስ ቤይዝ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። ጽሑፉ የታተመው እርሱ ከሞተ ከሁለት ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1763 ሲሆን፣ ለኅትመት ያበቃው ወዳጁ ሪቻርድ ፕራይስ ነበር።

ይህ ማለት ግን ውጤቱን ይጣሉት ማለት አይደለም። ከምርመራው በፊት ዕድልዎ ከ1,000 አንድ ነበር፤ አሁን ከ11 አንድ ሆኗል፤ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ቀጣዩ እርምጃ ሁለተኛ ምርመራ ነው። ከመጀመሪያው በተለየ ዘዴ ቢሠራ ይመረጣል፤ ያው ዘዴ ያንኑ ስህተት ሊደግም ይችላልና። ከ110ሩ ሁሉም እንዲህ ቢመረመሩ አሥሩ ሕመምተኞች እንደገና ይያዛሉ፤ ከመቶው ጤነኞች ግን የሚቀረው አንድ ያህል ነው። እርሱም ፖዘቲቭ ከሆነ ከ11 አሥር ይሆናል፤ ያን ጊዜ ነገሩ ሌላ ነው። ሌላም አለ፦ የበሽታው ምልክት ኖሮዎት ወይም ቤተሰብዎ ውስጥ ታማሚ ኖሮ ቢሆን መነሻው ከ1,000 አንድ አይሆንም፤ ስሌቱ በሙሉ ይቀየራል። እነዚህን ሁሉ አሟልቶ የሚያውቀው ሐኪምዎ ነው። ነገ ጠዋት ሄደው ያነጋግሩት፤ ዛሬ ማታ ግን ይተኙ።

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ «ይህ ሁሉ አልጀብራ ለምን ይጠቅመኛል?» እያለ አስቸግሮኛል። እኔም መልስ የለኝም። ምን ልበለው?

መልስ፦ ምንም አይበሉት፤ ዱላና ሜትር ይስጡት። ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ቀጥ አድርጎ መሬት ላይ ያቁምና ጥላውን ይለካ። 80 ሳንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ወዲያውኑ የአንድ ትልቅ ዛፍ ጥላ ይለካ፤ 9.6 ሜትር ሆነ። ዱላው ከጥላው ጋር ያለው ንጽጽር ዛፉ ከጥላው ጋር ካለው ጋር አንድ ነው። ያ የጠላው ኤክስ አሁን የዛፉ ቁመት ነው፤ 9.6ን ለ0.8 ሲያካፍል 12 ሜትር ያገኛል። አንዲት ቅርንጫፍ ሳይወጣ።

ከዚያ ስለ ኤራቶስቴንስ ይንገሩት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሦስተኛው መቶ ዘመን ይኖር የነበረ ሊቅ ነው። ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ በዓመቱ ረጅም ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ እንደምትሆንና ጥላ እንደሚጠፋ ሰምቷል። በዚያው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ ነበር፤ የፀሐይዋ ጨረር ከቀጥታው ያዘነበለው የክብ ሃምሳኛ ያህል፣ ወደ 7.2 ዲግሪ ነው። እንግዲህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት የምድር ዙሪያ ሃምሳኛ ነው አለ፤ ርቀቱን በ50 አባዛው። ምድርን ሳይዞር ለካት። ይህን ለ14 ዓመት ልጅ ስነግረው ዐይኑ ሳይበራ የቀረ ተማሪ አላስታውስም።

ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጣሪያውን ያስሉት። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። ቤቱ ከላይ ሲታይ 8 በ6 ሜትር ከሆነ 48 ካሬ ሜትር ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 480 ሊትር ይሰጣል። የጣሪያው ተዳፋት አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው መሬት ላይ የሸፈነው ስፋት ነው። ይህን ልዩነት ልጅዎ ራሱ ቢያገኘው እኔ ከማስተምረው አንድ ወር ይበልጣል።

በጥላው ላይ ግን አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዛፉ ሰፊ ከሆነ ጥላው የሚለካው ከግንዱ ሥር ጀምሮ የዛፉ ጫፍ ጥላ እስካረፈበት ድረስ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ይለካ። ሁለቱ መልሶች ካልተቀራረቡ ስህተቱን አይንገሩት፤ ራሱ ይፈልገው። ብዙ ጊዜ ዱላው ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወይም መሬቱ ዘንበል ያለ ነው።