«ኢ-ካድሄሪን ኔጌቲቭ» ማለት ተሰራጭቷል ማለት ነው ወይ? ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የጡታቸው ባዮፕሲ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ውጤት ላይ «ኢንቬሲቭ ሎቡላር ካርሲኖማ፣ ኢ-ካድሄሪን ኔጌቲቭ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሎቡላር የሚባል የጡት ካንሰር ዓይነት ነው፣ ኢ-ካድሄሪንም አልታየበትም ማለት ነው። ኢንተርኔት ስታዪ ደግሞ ኢ-ካድሄሪን ሴሎችን አያይዞ የሚይዝ ፕሮቲን እንደሆነ፣ እሱ ሲጠፋ ካንሰር እንደሚሰራጭ አነበብሽና ደነገጥሽ። ባለፈው ዓመት ማሞግራማቸው ንጹሕ ነው መባሉም ከንክኖሻል። ያ መስመር የሚናገረው የካንሰሩን ዓይነት ነው። ተሰራጭቷል አልተሰራጨም የሚለው ከሌላ ምርመራ ነው የሚታወቀው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ አሜሪካ ፓቶሎጂ ላብ (የሥጋ ናሙና የሚመረመርበት ክፍል) ውስጥ ስላይድ፣ ማለትም ስስ ናሙና የተለጠፈበት መስታወት፣ የማዘጋጅና ስቴይን የማደርግ (በቀለም የማወጣ) ባለሙያ ነኝ፤ ይሄን ስቴይን ለዓመታት ስሠራው ኖሬያለሁ። ስለ ሕክምናው ሐኪማቸውን ጠይቂ፣ ስለ ስላይዱ ግን የማውቀውን ልንገርሽ።

ኢ-ካድሄሪን የሚገኘው በሴሉ ሽፋን ላይ ነው። ወደ ውጭ የወጣው ጫፉ ከጎረቤት ሴል ኢ-ካድሄሪን ጋር ይያያዛል፤ ለዚህም ካልሲየም ያስፈልገዋል። ወደ ውስጥ የገባው ጫፉ ደግሞ ቤታ-ካቴኒንና ፒ120 የሚባሉ ፕሮቲኖችን ይዞ ሴሉን ቅርጽ ከሚሰጡት ክሮች ጋር ይገናኛል። እኛ ናሙናው ላይ ኢ-ካድሄሪንን ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ እንጨምርና በቀለም እናወጣዋለን። ጤነኛ የወተት ቱቦ ላይ የእያንዳንዱ ሴል ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሎቡላር ካንሰር ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማው የለም። ስላይዱ ላይ ከካንሰሩ አጠገብ ጤነኛ ቱቦ ሳገኝ ደስ ይለኛል፤ እሱ ቡናማ ወጥቶ ካንሰሩ ካልወጣ «ኔጌቲቭ» የሚለው ይታመናል። ሁለቱም ካልወጡ ስቴይኑ አልሠራምና ይደገማል። ጥቂት ሎቡላር ካንሰሮች ደግሞ ኢ-ካድሄሪን ያሳያሉ፤ ለዚህ ነው ፓቶሎጂስቱ የሴሎቹን አሰላለፍ የሚያየው፣ ሲጠራጠርም የፒ120 ስቴይን የሚያዘው። ፒ120 ጠርዝ ላይ መሆን ሲገባው ሴሉ ውስጥ ተበትኖ ከታየ ሎቡላር የመሆኑ ነገር ይጠነክራል።

አሁን ወደ ማሞግራሙ ልምጣ። የሚይዛቸው ስለሌለ የሎቡላር ሴሎች ተሰብስበው እብጠት አይሠሩም፤ ወረፋ እንደያዘ ሰው አንድ በአንድ ተከታትለው በጡቱ ሥጋ መሐል ይገባሉ። ማሞግራም ደግሞ ጎልቶ የሚወጣ ነገር ነው የሚፈልገው። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ያነበበው ሰው ሰነፍ ነው ብለሽ አትቸኩይ፤ ከጡት ካንሰሮች ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው ይሄ ዓይነት ሲሆን በማሞግራም መሰወሩ የታወቀ ጠባዩ ነው። ስፋቱን በትክክል ለማየት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የጡት ኤምአርአይ ያዛሉ። ለእናትሽ ካልታዘዘ ለምን እንዳልታዘዘ ብትጠይቂ ነውር የለውም።

ያነበብሽው ነገር ግማሹ ብቻ ነው። መያያዝ መጥፋቱ ብቻውን ካንሰርን የሚያሰራጭ ቢሆን ኖሮ ኢ-ካድሄሪን ያላቸው ካንሰሮች ባልተሰራጩ ነበር። ዳክታል የሚባለው፣ ከሁሉም የሚበዛው የጡት ካንሰር፣ አብዛኛውን ጊዜ ኢ-ካድሄሪኑን እንደያዘ ነው፤ ይሰራጫልም። በጣም ፈጣን የሆነው ኢንፍላማቶሪ የጡት ካንሰር እንኳ ኢ-ካድሄሪን ሞልቶታል። በ2019 የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በላብና በአይጥ ከሚጠኑ የዳክታል ካንሰር ሞዴሎች ላይ ኢ-ካድሄሪንን ሲያጠፉ ሴሎቹ ዙሪያቸውን መውረሩን ባሱበት፤ ግን ብዙዎቹ ሞቱ፣ ሌላ አካል ላይ የበቀለውም በጣም ቀነሰ። ከዚያ በፊት በ2014 በአይጥ ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ በደም ውስጥ ተያይዘው በስብስብ የሚሄዱ የካንሰር ሴሎች ብቻቸውን ከሚሄዱት ከ23 እስከ 50 እጥፍ ሥርጭት የመፍጠር አቅም እንዳላቸው አሳየ። ሲለያዩ መውጣቱ ይቀላቸዋል፤ ተያይዘው ከሆነ ግን መንገዱን ይተርፉታል። ሎቡላር ያለ ኢ-ካድሄሪን መኖርን የለመደ ስለሆነ የራሱ ጠባይ አለው። ከተሰራጨ ወደ አጥንትና ጉበት ብቻ ሳይሆን ወደ ጨጓራና አንጀት፣ ወደ ሆድ ዕቃ ሽፋንና ወደ ኦቫሪ (የእንቁላል ዕጢ) መሄድ ያበዛል። እናትሽ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሆዳቸውን ደጋግሞ ካመማቸው የሚያያቸው ሐኪም «ሎቡላር ነበር» የሚለውን ይስማ።

ከታች አንድ ወንድማችን «ካልሲየም ክኒን ትውሰድ፣ ያጣብቀዋል» ብሏል። ወንድሜ፣ ለመልካም እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ፕሮቲኑ ራሱ በሌለበት ካልሲየም ምን ይይዛል? ለጡት ካንሰር የሚሰጡ አንዳንድ የሆርሞን ሕክምና ክኒኖች አጥንት ስለሚያሳሱ ሐኪም ካልሲየም ሊያዝ ይችላል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። በአያያዥ ፕሮቲኖች ላይ የተሞከሩ እውነተኛ መድኃኒቶች እንኳ ቀላል አልሆኑም። ሴልን በዙሪያው ካለው ሥጋ ጋር የሚያገናኙትን ኢንተግሪን የሚባሉ ፕሮቲኖች የሚከለክለው ሲሌንጊታይድ የተባለ መድኃኒት በ2014 በወጣው ትልቅ የአንጎል ካንሰር ሙከራ ዕድሜ አላስረዘመም።

አሁን አንቺን ራስሽን የሚመለከት ነገር አለ። ኢ-ካድሄሪንን የሚሠራው ጂን ሲዲኤች1 ይባላል። በአብዛኛው ሎቡላር ካንሰር ጂኑ የተበላሸው ካንሰሩ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ወደ ልጅ አይተላለፍም። በዘር የሚተላለፍበት ጊዜ ግን አለ። በኒውዚላንድ አንድ የማኦሪ ቤተሰብ በ30 ዓመት ውስጥ 25 ሰው በጨጓራ ካንሰር አጥቶ ነበር፤ አንዳንዶቹ ገና ወጣቶች ነበሩ። የኦታጎ ዩኒቨርሲቲው ፓሪ ጊልፎርድና ባልደረቦቹ በ1998 ምክንያቱ ይሄ ጂን መሆኑን አሳወቁ። በእንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ሴቶቹ ለሎቡላር የጡት ካንሰርም ይጋለጣሉ። የጨጓራው ካንሰርም ከሽፋኑ ሥር ተበትኖ ስለሚያድግ ኢንዶስኮፒ (በካሜራ ቱቦ ጨጓራን የማየት ምርመራ) ሊያመልጠው ይችላል።

ስለዚህ አክስቶችሽንና አጎቶችሽን ጠይቂ፤ በወጣትነቱ በጨጓራ ካንሰር የሞተ አለ? ሌላ የጡት ካንሰር የያዛትስ? በእኛ ቤት «ጨጓራዋ ነው» ተብሎ ሳይመረመር የሚቀበር ብዙ ስለሆነ «ካንሰር የለም» ሲሉሽ ብቻ አትመኚ፤ ምን ዓይነት ሕመም እንደነበር፣ ይከሱ እንደነበር፣ ምግብ እምቢ ይላቸው እንደነበር ጠይቂ። እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ፣ ወይም ካንሰሩ እናትሽን በሁለቱም ጡት ከ70 ዓመታቸው በፊት የያዛቸው ከሆነ፣ የዘር ምርመራ አማካሪ እንዲያገኙ ሐኪማቸውን ጠይቂ።

ሕክምናውን የሚወስኑት ሌሎቹ መስመሮች ናቸው፤ የዕጢው መጠን፣ የብብት ንፍፊቶቹ ውጤት፣ ኢአርና ፒአር (የኤስትሮጅንና የፕሮጄስትሮን ሆርሞን ተቀባዮች) እና ኸር-2 የሚባለው ፕሮቲን። አብዛኛው ሎቡላር ኢአር ፖዘቲቭ ስለሆነ ለሆርሞን ሕክምና ይመቻል። እነዚህን መስመሮች ፎቶ አንስተሽ ብትለጥፊ ቃላቶቹን አብረን እናያለን። የእናትሽን ስምና የካርድ ቁጥር ግን ሸፍነሽ።