ነፃ የፋይል መጋሪያ ከመምረጥዎ በፊት ፋይሉ በማን ስም እንደሚቀመጥ ይወቁ

«አምስት ሆነን ከየቤታችን የምንሠራ ተርጓሚዎች ነን፤ ፋይል ለመጋራት የትኛው ነፃ አገልግሎት ይሻለናል?» ብለው ለጠየቁ እህታችን፣ እኔም አዲስ አበባ ሆኜ ሜሪላንድ ካሉ ሁለት አርታኢዎች ጋር ለስድስት ዓመት ያህል ስለሠራሁ የደረሰብኝን ላካፍልዎ።

አብዛኛው ሰው የሚያወዳድረው የቦታውን መጠን ነው። ጉግል ድራይቭ 15 ጊጋባይት፣ ዋንድራይቭ 5፣ ድሮፕቦክስ ደግሞ 2 ጊጋባይት በነፃ ይሰጣሉ፤ የጉግሉ ግን ለጂሜይልና ለጉግል ፎቶዎችም የሚያገለግል በመሆኑ የቤተሰብ ፎቶ ግማሹን በልቶት ሊያገኙት ይችላሉ። ድሮፕቦክስ ላይ የተጋራ ፎልደር ከእያንዳንዱ አባል ድርሻ ስለሚቀነስ ለአምስት ሰው ቶሎ ይጠባል። ለጽሑፍ ሥራ ጉግል ድራይቭ ይበቃዎታል ባይ ነኝ።

እኔን ያስከፈለኝ የቦታ ማነስ ሳይሆን የባለቤትነት ጉዳይ ነው። አንድ ባልደረባችን ሥራውን ሲለቅ ለሥራ የከፈተውን የጂሜይል አካውንት አብሮ ዘጋው። ፎልደሩ በእኔ ስም ስለነበረ ምንም አልሰጋሁም፤ ይሁን እንጂ በግል የጉግል አካውንት ፎልደሩ የማንም ቢሆን ፋይሉ የጫነው ሰው ንብረት ሆኖ ይቀራል፣ ቦታም የሚይዘው ከእሱ ድርሻ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስከፍተው እሱ የጫናቸው አሥራ አንድ ምዕራፎች የሉም። ሰባቱን ቴሌግራም ላይ ከተላላክናቸው መካከል ለቅመን አገኘን፤ አራቱን እንደገና ተረጎምናቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው አንድ ምዕራፍ ሲጨርስ በማጋሪያው ሳጥን ውስጥ ባለቤትነቱን ወደ እኔ ያዛውራል፣ እኔም ጥያቄውን እቀበላለሁ፤ ካልተቀበልኩት ዝውውሩ አይጸናም።

ቴሌግራም እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነፃ ስለሚያሳልፍ ያለቀ ሥራ ለማስረከብ ጥሩ ነው። በሂደት ላይ ላለ ሥራ ግን አልመክረውም፤ እኛ ዘንድ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» እና «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች በአንድ ቀን ተልከው፣ አርታኢዋ ሌሊቱን ሙሉ ያረመችው የመጀመሪያውን ሆኖ ተገኝቷል።

ለአማርኛ ሥራ የተለየ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዩኒኮድ (ዛሬ ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ ሥርዓት) ባልሆነ የቆየ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሰነድ በጉግል ዶክስ ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት የተደባለቀበት ዝብርቅርቅ ሆኖ ይታያል። ፋይሉ የተበላሸ መስሏችሁ እንዳትሰርዙት፤ ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ እንዲላክላችሁ ጠይቁ።

የደንበኛን ውል ሊንኩ ላለው ሁሉ ክፍት አታድርጉ፤ በኢሜይል አድራሻ ለይታችሁ ፍቀዱ። በስህተት የተሰረዘ ፋይል ደግሞ በጉግል ድራይቭ ቢን (የተሰረዙ ፋይሎች ማቆያ) ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ስለሆነ፣ እኔ በየወሩ መጀመሪያ ፎልደሩን በሙሉ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ እገለብጣለሁ።