የማን ስም ይቅደም?

ጥያቄ፦ የቲያትር ጥበባት ተመራቂ ነኝ። በአንድ ፊልም ላይ ከሌላ ተዋናይ ጋር እኩል መሪ ሚና አግኝቻለሁ። እሱ በሙያው ቆይቷል። ፖስተሩ ላይ ስማችን እንዴት እንደሚሆን ስጠይቅ ፕሮዲዩሰሩ «እሱን በኋላ እናየዋለን» አለኝ። ደግሜ ባነሳው ትዕቢተኛ እባላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ! ደግመሽ አንሺው። ቀጣዩ ሥራ የሚመጣው ስምሽን ካየ ሰው ነው። «በኋላ» የሚለውን ግን አትቀበዪ። ቀረጻ ካለቀ ወዲያ ማን ይሰማሻል?

ነገሩ የጀማሪ ጭንቀት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ለወጣው «ዘ ታወሪንግ ኢንፈርኖ» ለተባለው የሆሊውድ ፊልም ከሁለቱ መሪ ተዋናዮች፣ ከስቲቭ ማክኩዊንና ከፖል ኒውማን፣ ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ ተነስቶ ነበር። የማክኩዊን ስም በግራ ዝቅ ብሎ፣ የኒውማን በቀኝ ከፍ ብሎ ተጻፈ። ከግራ ለሚያነብ ማክኩዊን ቀዳሚ ነው፣ ከላይ ለሚያይ ደግሞ ኒውማን። እኛም ከግራ ወደ ቀኝ ስለምናነብ ይህ ዘዴ ለአማርኛ ፖስተርም ይሠራል።

«በፊደል ተራ ይሁን» ከተባልሽ ቶሎ አትስማሚ። የአንቺ ስም በ«አ»፣ የእሱ በ«በ» ቢጀምር በአማርኛ እሱ ይቀድማል። ያው ፖስተር በእንግሊዝኛ ሲታተም ደግሞ አንቺ ትቀድሚያለሽ። ስለዚህ በየትኛው ፊደል እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። በራስ ስም ይሁን በአባት ስምም እንዲሁ።

በእኔ እምነት ከቅደም ተከተሉ ይልቅ መጠኑ ይበልጣል። ተመልካች የሚጠራው የእሱ ስም ከሆነ መቅደሙን ልቀቂለት፤ ለዚህ ብለሽ ሚናውን አትጪ። የፊደሉ መጠን እኩል መሆኑን፣ ሁለታችሁም ከፊልሙ ርዕስ በላይ መውጣታችሁን ግን አጥብቀሽ ያዢ። በፖስተር ብቻም አይደለም። ማስታወቂያው ላይ በድምፅ ሲነገር፣ ዩቲዩብ ላይ ሲለጠፍ፣ ፊልሙ ሲጀምር ስማችሁ ሲወጣ፣ ሁሉም በውሉ ይካተት። አንድ አንቀጽ ይበቃዋል።

ፕሮዲዩሰሩን ከማነጋገርሽ በፊት ግን ተዋናዩን አግኚው። በግልጽ፣ በአክብሮት ንገሪው። ምናልባት እሱም ሲያስብበት ከርሞ ይሆናል። ሁለታችሁ ከተስማማችሁ ፕሮዲዩሰሩ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም።