ለላፕቶፕሽ ኤስኤስዲ ግዢ፣ ግን ሰክተሽ ሳታዪ ብር እንዳትከፍዪ

እህቴ፣ «የቆየ ላፕቶፕ አለኝ፣ እስኪከፈት ያስለቅሰኛል። 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ልግዛ ወይስ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አቦ፣ ኤስኤስዲውን (የሚዞር ዲስክ የሌለውን፣ በቺፕ የሚሠራውን ፈጣን ማስቀመጫ) ግዢ! እኔ እዚሁ ድሬ የሰርግ ቪዲዮ ነው የምሠራው። ያንቺም ነገር ከኔ የሚለይ አይመስለኝም።

1. ቦታ ያንሰኛል ብለሽ አትስጊ። 256 ጊጋ ለዊንዶውስና ለፕሮግራሞችሽ ይበቃል። የሚወጣውን ሃርድ ዲስክ የዩኤስቢ ኬዝ (ዲስኩን ከውጪ በዩኤስቢ የምትሰኪበት ሳጥን) ግዢለትና ፎቶና ቪዲዮሽን እሱ ላይ አድርጊ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ያነባል፤ ተራው ሳታ (የተለመደው የዲስክ መሰኪያ ያለው) ኤስኤስዲ 500 ያልፋል። የኔ አሮጌ ማሽን ኤስኤስዲ ከገባለት ወዲህ ሻይ ሳልቀዳ ተከፍቶ ይጠብቀኛል።

2. ሙቀቱንና ባጃጁን አስቢ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በአብዛኛው እስከ 60 ዲግሪ ነው የተፈቀደለት። በኛ ግንቦት ክፍሉ ራሱ እሳት ነው፣ ላፕቶፑ ውስጥ ደግሞ ይብሳል። ዲስኩ እየዞረ ባጃጅ ላይ ከተናጠ ሊጫር ይችላል። ኤስኤስዲ ውስጥ የሚዞር ነገር የለም።

3. ታይዋን ገበያ ስትገቢ «አዲስ ነው» የሚለውን አትመኚ። አምና ለፋይል ማስቀመጫ አንድ ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ባለሱቁ «ገና ከካርቶን የወጣ» ብሎ ምሎልኛል፤ ላስቲኩም እንደታሸገ ነው። ቤት ስሰካው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከ20,000 ሰዓት በላይ እንደሠራ አሳየኝ። ሌት ተቀን ሳይጠፋ ከሁለት ዓመት በላይ ማለት ነው! መልሼ ብወስድለት «ኮምፒውተርህ ነው የተበላሸው» ብሎ ሰው ፊት ጮኸብኝ። እኔ እንጀራዬ በዚህ ዕቃ ነው፤ ዝም አልኩት? ፕሮግራሙን በገዛ ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ፣ ገዢ ሁሉ እያየ ቁጥሩን አሳየሁት። ድምፁ ያኔ ወረደ። እንደዚያም ሆኖ ግማሹን ብር ብቻ መልሶ ለቀሪው «ዕቃ ውሰድበት» አለኝ። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል። ወላሂ፣ ያን ቀን ሳላየው የሙሽሮች ቪዲዮ ጭኜበት ቢሆን ኖሮ ለቤተሰቡ ምን ብዬ እነግር ነበር?

ስለዚህ ላፕቶፕሽንና ኬዝሽን ይዘሽ ሂጂ። ከመክፈልሽ በፊት በኬዙ ሰክተሽ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ «ፓወር ኦን ሀወርስ» (የሠራበት ሰዓት) የሚለውን እዪ። አዲስ ከሆነ ዜሮ ወይም እዚያው አካባቢ ነው። «አይቻልም» ካለሽ ጥለሽው ውጪ፣ ሱቅ ሞልቷል። ቀጭኗን የኤም ዶት ቱ ኤስኤስዲ ሊሰጥሽም ይችላል። እሷ በሁለት ዓይነት ትመጣለች፣ ሳታና ከሱ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ላፕቶፕሽ ግን አንዱን ብቻ ይቀበል ይሆናል። ሃርድ ዲስክ ለነበረው ላፕቶፕ 2.5 ኢንች ሳታዋ ቀጥታ ቦታው ላይ ትገባለች።

ደግሞ ኤስኤስዲ ላይ ያጠፋሽው ፋይል ብዙውን ጊዜ አይመለስም። ሲበላሽም ሳያስጠነቅቅ ቀጥ ሊል ይችላል። የምትሳሺለትን ፎቶ ሁለት ቦታ አድርጊ። የላፕቶፕሽን ሞዴል ከሥሩ አንብበሽ እዚህ ጻፊልኝ፣ የሚገባለትን እነግርሻለሁ።