የድሮ ሠንጠረዥ ከማጥፋትዎ በፊት

ጥያቄ፦ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት የዳታቤዝ ክፍል እሠራለሁ። ዳታቤዛችን ኦራክል ሲሆን ሠንጠረዦቹ ከሁለት ሺህ ይበልጣሉ። የትኛው ፕሮሲጀር (ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ ፕሮግራም) የትኛውን ሠንጠረዥ እንደሚያነብ በቃሉ ያውቅ የነበረው ባልደረባችን ሥራ ለቋል። የተረፈን ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ያረጀ ንድፍ ብቻ ነው። አሁን የቀድሞ ዓመታትን የአረቦን ሠንጠረዦች እንድናጠፋ ታዘናል። ማን እንደሚጠቀምባቸው በምን እንወቅ? ያወቅነውንስ ሦስታችን እንዴት እንጋራው? ሶፍትዌር ይገዛ የሚሉ አለቆችም አሉን።
ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ትእዛዙን ያዘግዩት። ሰኔ 30 አልፎ የዓመቱ ሒሳብ እስኪዘጋ ድረስ አንድም ሠንጠረዥ አይንኩ። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

መነሻዎ ዲቢኤ_ዲፔንደንሲስ የተባለው የኦራክል መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መስመር የጥገኛውን (ሌላውን የሚጠቀመውን) ስምና ዓይነት፣ ከዚያም ጥገኛ የሆነበትን ነገር ባለቤትና ስም ይነግርዎታል። ሠንጠረዡን የሚያነብ ቪው (ተቀምጦ የሚጠራ መጠይቅ)፣ ቪውን የሚጠራ ፓኬጅ (የፕሮሲጀሮች ጥቅል) እያሉ ሰንሰለቱን ኮኔክት ባይ በተባለው የኦራክል ትእዛዝ እስከ ጫፉ ይከተሉ። አንዱ ሠንጠረዥ ሌላውን የሚጠቅስበትን የፎሪን ኪይ ትስስር ግን እዚያ አይፈልጉ፤ እሱ ያለው በዲቢኤ_ኮንስትሬንትስ ነው። ስለ ዓምዶችም አይጠይቁት። ኦራክል ከ11ጂ እትም ጀምሮ በውስጡ እስከ ዓምድ ድረስ ቢከታተልም፣ ይህ መዝገብ የሚያሳየው ሠንጠረዡን ብቻ ነው።

ፖስትግሬስ የተባለው ሌላ ዳታቤዝ ቢሆን ኖሮ ቪው የተደገፈበትን ሠንጠረዥ አጥፋ ሲሉት፣ ካስኬድ (ጥገኞቹንም አብረህ አጥፋ) ካላከሉበት በቀር አሻፈረኝ ይላል። ኦራክል ግን እሺ ብሎ ያጠፋል፤ ቪውዎቹን ኢንቫሊድ (የማይሠሩ) ብሎ መዝግቦ ዝም ነው። ጩኸቱን የሚሰሙት በማግሥቱ ጠዋት አንድ ቅርንጫፍ ሪፖርት ሲከፍት ነው።

ዋናው አደጋ ግን መዝገቡ ከነጭራሹ የማያየው ነው። በፕሮሲጀሩ ውስጥ «አረቦን_» የሚል ቁራጭ ጽሑፍ አለ እንበል። ዓመተ ምሕረቱ ይቀጠልበትና ጽሑፍን እንደ ትእዛዝ ለሚያስፈጽመው ኤግዚኪዩት ኢሚዲየት ይሰጣል። «አረቦን_2009» የሚል ስም በኮዱ ውስጥ የትም አልተጻፈም፤ የሚፈጠረው ፕሮሲጀሩ በሚሠራበት ቅጽበት ነው። ስለዚህ መዝገቡ ባዶ ይመልስልዎታል፤ ሙሉ ስሙን የኮዱ ጽሑፍ በሚገኝበት በዲቢኤ_ሶርስ ውስጥ ቢያስሱም አያገኙትም። መታሰስ ያለበት ቁራጩ «አረቦን_» እና ኤግዚኪዩት ኢሚዲየት የሚለው ትእዛዝ ራሱ ነው። ኦራክልዎ 12.2 ወይም ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ የኦራክልን የኮድ መመርመሪያ ፒኤል/ስኮፕን ከፍተው ኮዱን በሙከራ ቅጂ ላይ እንደገና ኮምፓይል ቢያደርጉት እነዚህ ትእዛዞች የትኛው መስመር ላይ እንዳሉ ይመዘግብልዎታል። ውጤቱ ረጅም ይሆናል፤ ቁጭ ብሎ ማንበብ ነው።

እንዲህ ያለው ኮድ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ፣ የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ የሚሠራ ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ኦዲት ቢያደርጉ (ማን እንዳነበበው ዳታቤዙ እንዲመዘግብ ቢያደርጉ) ሠንጠረዡ የሞተ ይመስላል። ሐምሌ ላይ ይነሣል። ሒሳቡ እስኪዘጋ አንድም ሠንጠረዥ አይንኩ ያልኩት ለዚህ ነው፤ በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ ላይ የንባብ ኦዲት ከፍተው እስከ ነሐሴ ይተዉት። ኦዲቱ ሌላም ጉድ ያወጣልዎታል፤ የሒሳብ ክፍል ሠራተኞች ከኤክሴል በቀጥታ ዳታቤዙን የሚያነቡባቸውን ፋይሎች። እነዚህን የትኛውም የዳታቤዝ መዝገብ አያውቃቸውም። ኦዲቱ ንጹሕ ሆኖ ሲያልፍም መጀመሪያ የሠንጠረዡን ስም ብቻ ይቀይሩ፤ ማጥፋቱ ይደርሳል።

ስለ መጋራቱ፦ ንድፍ አትጋሩ፤ ጽሑፍ ተጋሩ። ከመዝገቡ የወጣውን በየሳምንቱ ወደ ተራ የጽሑፍ ፋይል አውጡ። በአንድ መስመር ጥገኛውና የተደገፈበት ይጻፉ፤ ፋይሉ በፊደል ተራ ተደርድሮ ከኮዱ ጋር በጊት (የፋይል ለውጦችን በሚመዘግብ ሶፍትዌር) ይቀመጥ። በፊደል ተራ የምለው ሳምንቱን ከሳምንቱ ስታነጻጽሩ የተለወጠው መስመር ብቻ እንዲታያችሁ ነው። ከዚህ ጎን በእጅ የሚጻፍ ሁለተኛ ፋይል ያስፈልጋችኋል፤ መዝገቡ የማያያቸው የኤግዚኪዩት ኢሚዲየት፣ የኤክሴልና የጆብ (በቀጠሮ በራሱ የሚሠራ ሥራ) ትስስሮች የሚሰፍሩበት። በዚህኛው ውስጥ ማን እንደሚጠራውና በየትኛው ወር እንደሚሠራ አብሮ ይጻፍ። ይህ ሁለተኛው ፋይል ነው የባልደረባችሁ ጭንቅላት ውስጥ የነበረው፤ ስልኩ ካላችሁ ቡና ጋብዛችሁ አጽፉት።

ሥዕል ካስፈለገ ግራፍቪዝ የተባለው የሥዕል ፕሮግራም ከዚያው ጽሑፍ ይሥላል። ነገር ግን የአንድ ሠንጠረዥ ሁለት እርከን ዙሪያ ብቻ ይበቃል፤ ሁለት ሺውን በአንድ ወረቀት ካወጣችሁት የሸረሪት ድር ነው የሚሆንባችሁ።

ሶፍትዌሩን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። ሻጩ ሲመጣ «አረቦን_» ያለበትን ያን ፕሮሲጀር ስጡትና «አረቦን_2009»ን ማን እንደሚያነብ ፊታችሁ ያሳያችሁ። ካሳየ ስለ ዋጋው ተነጋገሩ።