የአሜሪካ ጦርነቶችና የአገር ቤቱ ፖለቲካ፦ ጥያቄና መልስ

(ቀኖቹና ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት ጆንሰን የቬትናም ጦርነት እንደማያዋጣ እያወቁ ነው የገቡበት ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬ እንደነበራቸው የራሳቸው ድምፅ ይመሰክራል፤ የስልክ ንግግራቸውን ያስቀርጹ ነበርና። ሜይ 27 ቀን 1964 ለብሔራዊ ደኅንነት አማካሪያቸው ለማክጆርጅ በንዲ፣ ቬትናም ሊዋጉላት የምትገባ ሆና እንዳልታየቻቸው፣ መውጫ መንገድም እንዳጡ ነገሩት። በዚያው ቀን ከሴናተር ሪቻርድ ራስል ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ፣ ጥሎ የሚወጣ ፕሬዚዳንት ከሥልጣኑ ለመነሣት ይከሰሳል ብለው ሲሰጉ ይሰማል። «ቻይናን ለኮሙኒስቶች አስረከባችሁ» የሚለው ክስ ከ1949 ጀምሮ ዲሞክራቶችን ሲያሳድድ ኖሯል፤ ለምርጫው ደግሞ የቀረው ከስድስት ወር ያነሰ ጊዜ ነበር። በጦርነቱ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያንና ቁጥራቸው ከዚያ እጅግ የሚልቅ ቬትናማውያን አለቁ። ይህን የስሌት ስህተት ብዬ ለማለፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ጥያቄ፦ ኮንግረስ የት ነበር?

መልስ፦ ፈቃዱን የሰጠው እርሱ ነው። በኦገስት 1964፣ ፕሬዚዳንቱ በቬትናም ጦር እንዲያዘምቱ ሥልጣን የሰጣቸው የቶንኪን ውሳኔ በተወካዮች ምክር ቤት 416 ለ 0፣ በሴኔት 88 ለ 2 አለፈ። የተቃወሙት ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ በ1968 ሁለቱም ወንበራቸውን አጡ። በ2002 የኢራቁ ጦርነት ፈቃድ ድምፅ የተሰጠበትም የምክር ቤት ምርጫ ሊካሄድ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነበር። በእንዲህ ያለ ሰሞን «አይሆንም» ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው።

ጥያቄ፦ ጦርነት ለፕሬዚዳንት ድምፅ ያስገኛል?

መልስ፦ ለጊዜው። አባት ቡሽ በ1991 ከኩዌት ድል በኋላ የሕዝብ ድጋፋቸው ወደ 90 በመቶ ተጠግቶ ነበር፤ በ1992 ኢኮኖሚው ጣላቸው።

ጥያቄ፦ ሕዝቡ በቬትናም ጊዜ አደባባይ ወጥቶ ነበር። አፍጋኒስታን ላይ 20 ዓመት ለምን ታገሠ?

መልስ፦ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ዲሴምበር 1 ቀን 1969 ምሽት አሜሪካውያን ቴሌቪዥን ከፍተው ልጆቻቸው ለግዳጅ ውትድርና የሚጠሩበትን ተራ የሚወስነውን ዕጣ ሲጠባበቁ አስቡት። 366 የልደት ቀኖች በትንንሽ ሰማያዊ የፕላስቲክ እንክብሎች ተከትተው፣ ከመስታወት ዕቃ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ። መጀመሪያ የወጣው ሴፕቴምበር 14 ነው፤ በዚያ ቀን የተወለደ ወጣት ለምልመላ ፊት ተሰለፈ። እንዲህ ያለ ጦርነት እያንዳንዱን ቤት ያንኳኳል። በ1973 የግዳጅ ምልመላው ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ የሚዘምተው በፈቃዱ የተቀጠረ ወታደር ነው። ወጪውም ከዓይን ራቀ። ጆንሰን በ1968 የ10 በመቶ ተጨማሪ የገቢ ግብር አስከፍለዋል፤ ልጅ ቡሽ ግን ኢራቅን ከወረሩ ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ ግብር ቀነሱ፣ ጦርነቱም በብድር ተካሄደ። ልጁንም ኪሱንም ያልተነካ መራጭ ተወካዩን የሚጠይቅበት ምክንያት አነስተኛ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ግሪን ካርድ አለው፣ 18 ዓመት ሊሞላው ነው። ይመለመላል?

መልስ፦ እኅቴ፣ መንግሥት ለግዳጅ ምልመላ በሚይዘው የስም መዝገብ (Selective Service) መግባት ግዴታው ነው፤ ግሪን ካርድ ያላቸው ወንዶችንም ይመለከታል። መመዝገብ ግን መዝመት አይደለም። ምልመላ እንደገና እንዲጀመር ኮንግረስ ሕግ ማውጣት አለበት።