መንገድና ብር፦ የባሕር ዳር ላጤዎች ጥያቄ

ሰሞኑን ከባሕር ዳርና ከጣና ዳርቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው መንገድና ብር ላይ ያርፋሉ። ፍቅር ተጠይቆ ብር መነሳቱ አያስነውርም። የእኛ ላጤ የቤት ኪራይ እየከፈለ፣ ለቤተሰብ እየላከ ነው የሚያፈቅረው።

ጥያቄ፦ «ፔዳ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ነው፤ ሁለት ዓመት አልፎናል። መንገዱ ስለሚያስፈራኝ በአውሮፕላን እሄዳለሁ። ሁልጊዜ የምሄደውም ቲኬት የምቆርጠውም እኔ ነኝ። እሱ ‹ሥራ አይመቸኝም› ይላል። ብር ማንሳት አፈርኩ።»

መልስ፦ አትፈሪ እህቴ። ድሮ ማለዳ አውቶቡስ የያዘ ሰው የአባይን በረሃ አቋርጦ አመሻሹን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢያደክምም የመምህር ደሞዝ ይችለው ነበር። ከጸጥታው ችግር ወዲህ ግን እንዳንቺ አውሮፕላን ብቻ የቀረው ሰው ብዙ ነው። በረራው አንድ ሰዓት ቢሆንም ከደሞዝሽ ስንቱን እንደሚበላ አንቺ ታውቂዋለሽ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ኑሮው ራሱ ከብዷል።

ስለዚህ በዓመት ያወጣሽውን ደምሪና ንገሪው። «አንዴ እኔ እመጣለሁ፣ አንዴ አንተ ትመጣለህ። መምጣት ካልቻልክ የቲኬቱን ግማሽ ላክልኝ» በይው። ሥራ ቢበዛበትም በቴሌብር ለመላክ ጊዜ አያጣም። ደሞዙ አልበቃ ብሎት ከሆነ በግልጽ ይንገርሽ፤ ያኔ የምትገናኙበትን ጊዜ ታራርቃላችሁ፤ ማንም አይጎዳም። ጥያቄው ራሱ ካስቆጣው ግን እኔ በጣም እሰጋለሁ። ሁለት ዓመት ስትከፍዪ ዝም ያለ ሰው ስትጠይቂው የሚቆጣበት ምክንያት የለውም።

ከቲኬቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ፦ ማን ወደ ማን ነው የሚዛወረው? የመምህር ዝውውር በቀላሉ አይገኝም። ይህን ካሁኑ ተነጋገሩበት።

ጥያቄ፦ «የዘጌ ልጅ ነኝ፤ የምንኖረው በቡና ነው። የምወዳት ልጅ ባሕር ዳር ባንክ ትሠራለች። ‹እወድሃለሁ፣ ዘጌ ግን አልኖርም› አለችኝ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያራራቃችሁ የገቢያችሁ ጠባይ ይመስለኛል። እሷ በየወሩ ደሞዝ ታገኛለች፤ አንተ ቡናው ሲሸጥ ነው ብር የምታየው። ባሕር ዳር ቤት ተከራይታችሁ፣ አንተ በለቀማ ወቅት ዘጌ እየከረምክ መኖር ትችሉ ይሆናል። ኪራዩን በየወሩ እሷ ብትከፍል፣ ቡናው ሲሸጥ ያንተን ድርሻ በአንዴ ብታስገባ አይከፋም። ጓደኞችህ «ሚስቱ ታኖረዋለች» ይሉሃል። ይበሉ። እሷ ግን ሥራዋን ትታ እንድትመጣልህ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ «ልጄ፣ የኔ ልጅ 34 ዓመቱ ነው። ‹ቤት ሳልሠራ ሽማግሌ አልልክም› ይለኛል። ልጅቷም እየጠበቀችው ነው። ጥር በመጣ ቁጥር አለቅሳለሁ።»

መልስ፦ እናቴ፣ እንባዎ ይገባኛል። ልጅዎ ግን ሰነፍ አይመስለኝም፤ ፈርቶ ነው። ብረቱም ሲሚንቶውም በየጊዜው ዋጋው ሲጨምር ያያል። በዚያ ላይ ጥሎሹ፣ ድንኳኑ፣ ድግሱ አለ። «ድግሱን እንቀንሳለን፤ ሰው ምን ይላል አልልም» ብለው እርስዎ ቀድመው ይንገሩት። ይህ ቃል ከእናት አፍ ሲወጣ ብዙ ሸክም ያቀልለታል። ሕጉንም ይወቁት፦ ከጋብቻ በፊት የሠራው ቤት የግሉ ነው፤ ከተጋቡ በኋላ በደሞዛቸው የሚሠሩት ግን የጋራቸው ይሆናል። አብረው ቢሠሩት ለምትጠብቀው ልጅም ፍትሐዊ ነው። እሷም ዕድሜዋ እየሄደ ነው።

ጥያቄ፦ «አሜሪካ ያለ ሰው በቴሌግራም ተዋወቀኝ። በየወሩ ብር ይልክልኛል። አሁን ‹ሥራሽን ተዪ፣ ከቤት አትውጪ› ይለኛል። በአካል አይቼው አላውቅም።»

መልስ፦ ሥራሽን አትተዪ! የሚልክልሽ ብር ሲቆም በምን ልትኖሪ ነው? በቪዲዮ አነጋግሪው፤ ቤተሰቦቹን እንዲያስተዋውቅሽ ጠይቂው። እምቢ ካለ ብሩን መቀበል አቁሚ። ነገ ደግሞ «ለቪዛ ፕሮሰስ ይህን ያህል ላኪ» ቢልሽ፣ አንድ ብር እንዳትልኪ።

ጥያቄ፦ «ባጃጅ ነው የምሠራው። አንዲት ልጅ ልጋብዝ ፈልጌ ሐይቅ ዳር ያሉትን ሆቴሎች ኪሴ አልቻላቸውም።»

መልስ፦ ታዲያ ለምን ሆቴል? አሥር ሰዓት ላይ በሐይቁ ዳር በእግር ሂዱ፤ ከዚያ ጀበና ቡና ጠጡ። የወሩ ገቢህ ሲሻል ዓሣ ትጋብዛታለህ። ሥራህንም ከመጀመሪያው ቀን ንገራት፤ ተበድረህ ግን አትጋብዛት።